ደጃፌን የዘጋሁበት ክረምት

በግ ነጋዴ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ገበያ ውስጥ ግን ሸምግያለሁ። መሐል ሜዳና ዘመሮ ገበያ የሚወጣውን፣ ከጓሳ አፋፍ የሚወርደውን በግ ከሩቅ አይቼ ዕድሜውንም የባለቤቱንም ጠባይ እናገራለሁ። ጤናውን ለማወቅ ደግሞ መጠጋት አያስፈልገኝም። በተለይ አዙሪት የምንለው በሽታ አያመልጠኝም። አዙሪት የገባበት በግ ራሱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ ይቆማል፤ ሣሩ ፊቱ እያለ ሩቅ ያለ ወሬ የሚያዳምጥ ይመስላል። ሲብስበት ባለበት ይዞራል። ሲታረድ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ገበያ ላይ ቀንዱን ጨምድዶ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

"ልቀቀው እስቲ" እለዋለሁ።

"ይሮጥብኛል።"

"የሚሮጥስ ቢሆን ባልከፋ።"

እንዲህ እየቀለድኩ ስንቱን ከነበጉ መልሻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ቤቴ ስገባ ሚስቴን ራሷን ወደ ግራ ጥላ ተቀምጣ አገኘኋት።

ሚስቴ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ባና የሚሠሩት ሸማኔዎች ብርድ ልብሱ ጥሩ እንዲወጣላቸው ሲፈልጉ ፈትሉን ከእሷ ነው የሚወስዱት፤ የተሠራውን ደግሞ እሷው ገበያ አውጥታ ትሸጠዋለች። ያን ሰሞን ግን ነገሯ ሁሉ አልጥም ብሎኝ ነበር። በሩን ስታልፍ በግራ ትከሻዋ መቃኑን ትገጨዋለች። ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ጎን ታፈስሰዋለች። እንዝርቱ ከእጇ ወድቆ፣ ጣቶቿ ግን ምንም እንዳልወደቀ ሁሉ ማሾራቸውን ሲቀጥሉ አየሁ።

"ራስሽን ለምን ትጥያለሽ?" አልኳት።

"የት ጣልኩት?"

"ወደ ግራ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ማለቴ፣ ቀና ያለች መስሏት ነው እንጂ ቀና አላለችም። "ምነው፣ ጥርሴንም ልታይልኝ ነው?" ብላ አፏን ከፈተችልኝ።

ሳቅን። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ "ጭራሽ ከበግ አስተያየኸኝ" አለችና እስከ ማታ አኮረፈች። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ብለምናት፣ የበግ ሐኪም ዘንድ ከሆነ አንተው በቂ ነህ አለችኝ። በሳምንቱ ገበያ መሐል የባናዋ ክምር ላይ ወድቃ ተንዘፈዘፈች። ያገሩ ሰው ሁሉ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዋ ሥር ያስጠጋል። ጭስ ሲያፍናት ነቃች መሰለኝ።

ደብረ ብርሃን ወሰድኳት፤ እነሱ አዲስ አበባ ላኩን። ጭንቅላቷ በመሣሪያ ታየ፣ ዕጢ ተባለ፣ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የምትከታተላት የካንሰር ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትራመድ፣ ስትቀመጥ ግን የማትቸኩል። እሷን ነበር መጀመሪያ የጠየቅሁት።

"ዶክተር፣ ከረጢቱን አወጡት?"

"የምን ከረጢት?"

ነገርኳት። እኛ አገር የበግ ቅል በቢላዋ ከፍተው የውሃውን ከረጢት የሚያወጡ እረኞች እንዳሉ፣ ቁስሉ ደርቆለት ሣሩን የሚግጥ በግ በዓይኔ እንዳየሁ ነገርኳት። ስቃ ብትመልስልኝ ደስ ባለኝ። አልሳቀችም፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

"ከረጢት ቢሆን እኛንም ደስ ባለን" አለች። "ይሄ ዳር የለውም። ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ነው፤ የት እንደጀመረ ይታያል፣ የት እንዳበቃ አይታይም። የቻሉትን ያህል አውጥተዋል። የቀረውን በጨረርና በመድኃኒት ነው የምንይዘው።"

"የምንይዘው" ነው ያለችው፤ "የምናጠፋው" አላለችም። በቃልና በቃል መካከል ያለውን ልዩነት ለነጋዴ አይነግሩትም።

ስለ መድኃኒቱ ያወራንበትን ቀን አልረሳውም። ሚስቴ ራሷን በፋሻ ተጠቅልላ ከጎኔ ተቀምጣለች። እኔ ገበያ የመጣሁ ያህል "ምን ምን ዓይነት አላችሁ?" አልኩ።

"ሁለት መንገድ አለ" አለች ሐኪሟ። "አንደኛው የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ቴሞዞሎማይድ ይባላል። ጨረሩ እየተሰጠ በየቀኑ ይወስዱታል። ከዚያ ትንሽ ያርፉና በወር አንድ ዙር፣ አምስት ማታ ተከታትለው ይወስዱታል። ሁለተኛው ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ነው። ሁለቱ ይዋጣሉ፣ አንዱ በደም ሥር ይሰጣል።"

"ሦስቱ ከአንዱ አይሻሉም?"

"አንዳንድ ዓይነት ዕጢ ላይ ይሻላሉ። የእርስዎ ባለቤት ዕጢ ከዚያ ዓይነት አይደለም። ችግራቸውም ይበዛል። አንደኛው ከጠላና ከአረቄ፣ ከቆየ አይብ ጋር አይስማማም፤ የደም ግፊት ያስነሣል።"

"ይቅርብኛ ጠላው" አለች ሚስቴ።

"በደም ሥር የሚሰጠው ደግሞ ነርቭ ይነካል። ጣት ያደነዝዛል።"

ሚስቴ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አወጣቻቸው። "ምን ያህል ነው የሚያደነዝዘው?"

"ቁልፍ መቆለፍ ሊያስቸግር ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ላይ እንደደነዘዘ ይቀራል።"

"እሱን ለሌላ ሰው ስጡት።"

"እኔም የምመርጥልዎ እንክብሉን ነው" አለች ሐኪሟ። "ሦስቱን እንክብሉ ካልያዘው ብለን ወደ ኋላ እናቆየዋለን።"

መጋዘን ኋላ የሚቆየው ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ የእንክብሉን ጣጣ ነገረችን። ማቅለሽለሽ አለው፤ ለሱ ሌላ ኪኒን ቀድመው ይውጣሉ። ሆድ ያደርቃል። ድካሙ እንቅልፍ የማያስለቅቀው ዓይነት ድካም ነው። በባዶ ሆድ ይዋጣል፣ አይከፈትም፣ አይታኘክም፣ የሚያቀብላትም ሰው እጁን ይታጠብ። "ይህን ሁሉ እንችለዋለን" አለች፤ "እኔ የምፈራው ደማቸውን ነው። መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከለውን የደም ሕዋስ ያወርደዋል። ያ ሲወርድ ተራ ጉንፋን ሰው ይገድላል። ደማቸው ካልተመለሰ ደግሞ የሚቀጥለውን ዙር አልሰጥም። ዙሩ በዘገየ ቁጥር ዕጢው ጊዜ ያገኛል። ገባዎት? ስለዚህ ሰው አይብዛባቸው። የሚያስል ሰው ከነጭራሹ አይግባ።"

"ዶክተር፣ እኛ መንዝ ነው የምንኖረው።"

"እና?"

"ሰው አይብዛባት የሚባል ነገር ለሬሳም አይባልም።"

"እንግዲህ ይባል" አለች።

መጠኑን ለመወሰን ቁመቷን ለኩ፣ መዘኗት። እኔም ሥራዬ ይኸው ነው፤ እኔ በእጄ አንሥቼ እገምታለሁ፣ እነሱ ሚዛን አላቸው። ሚስቴ ከሚዛኑ ስትወርድ ወደ እኔ ዞር ብላ "ስንት አወጣሁ?" አለችኝ። ነርሷ ኪሎዋን የጠየቀች መስሏት ነገረቻት።

ጨረሩን ጨርሰን ወደ አገራችን የተመለስነው በሰኔ፣ ጭጋጉ መንገዱን ይዞት ነው። ኮንትራት መኪና ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር የመጣችው፤ ስንገባ ያየ ሰው የለም። ይህ በኋላ ጣጣ አመጣ። ከገጠር ታናሽ እህቷን አስመጣሁ። እሷ ውስጡን ያዘች፣ እኔ ደጁን።

የመጀመሪያው ዙር ያለ ችግር አለፈ ማለት አልችልም። የማቅለሽለሹ ነገር ሽታ ላይ ነበር። ሽንኩርት፣ ኩበት፣ ዕድሜዋን ሙሉ እጇ ላይ የነበረው የበግ ፀጉር ሳይቀር አስጠላት። በሁለተኛው ማታ ከገበያ ገብቼ አጠገቧ ስቀመጥ አፍንጫዋን ያዘች።

"ምን ሆንሽ?"

"በግ በግ ትላለህ።"

"ከተጋባን ጀምሮ ነው እንዲህ የምለው።"

"ያኔ መድኃኒት አልነበረኝም" አለችኝ። ወጥቼ በብርድ ታጠብኩ። ክረምት ላይ መሐል ሜዳ ውስጥ ገላውን ደጅ የታጠበ ሰው ካለ እኔ ምን እንዳልኩ ያውቃል።

ለጭንቅላቷ እብጠት ብለው የሰጧት ሌላ ኪኒን ደግሞ ፊቷን ሞላው። እንደ ሙክት ቀይና ድፍን ሆነች። ሌሊት አይተኛትም፣ ይርባታል። የንስሐ አባቷ በስልክ ጾሙን ፈቱላት፤ እሷ ግን የተፈቀደላትን ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። እህቷ ልትስቅ ትልና ትተወዋለች።

እኔ ደጃፌ ላይ ዱካ አውጥቼ ተቀመጥኩ። በእኛ አገር በሽተኛ መጠየቅ ውለታ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ያልጠየቀ ሰው ስሙ ይነሣል። ያላስጠየቀ ግን ስሙ የሚነሣበት ቃል ገና አልወጣለትም ነበር፤ እኔ ላይ ነው የወጣው። ሰው እንቁላል ይዞ ይመጣል፣ ቂንጬ ይዞ ይመጣል፣ የክረምት ሳሉንም አብሮ ይዞ ይመጣል። እኔ እቃውን ተቀብዬ ሰውዬውን እመልሳለሁ።

"ተኝታለች።"

"ታዲያ አይቻት ልውጣ።"

"ሐኪም ከልክሏል።"

"እኔን?"

እያንዳንዱ ሰው "እኔን?" ይላል። ሐኪሟ አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ስሙን ጠርታ የከለከለችው ይመስለዋል።

ከሁሉም ያስቸገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ ገበያ ላይ ከሚስቴ ጎን ባና የምትሸጥ። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ስንት ዓመት ደንበኛ ሲቀማሙ፣ ሲሰዳደቡና ምሳ ሲካፈሉ ኖረዋል። ሦስት ጊዜ መለስኳት።

"ሁልጊዜ ነው የምትተኛው?"

"መድኃኒቱ ነው።"

"ምን ዓይነት መድኃኒት ነው ሰው የሚያስጠላ?"

"ሰው አያስጠላም፤ ደሟ ወርዷል፣ በሽታ ይይዛታል ነው የምልሽ።"

"እኔ በሽታ ነኝ?" ብላ የያዘችውን ገንፎ ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እየሄደች አሳላት፤ የንዴት ሳል ይሁን የጉንፋን አልለየሁትም። ገንፎውን ለውሻ ሰጠሁት።

ገበያ ስወጣ ሰው ሰላምታውን ያሳጥርብኝ ጀመር። በጉን የሚያመጣ ገበሬ እንኳ እኔን አልፎ ወደ ሌላው ነጋዴ ይሄዳል። ጸበል ከልክሏታል አሉ። ሀብቷን ሊወርስ አፍኗታል አሉ፤ ሀብቷ አንድ ክምር ባናና አንድ እንዝርት ነው። ግድ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። ግን የደሟ ውጤት ሲመጣ "ደህና ነው፣ ቀጥሉ" ተባለ፤ ሁለተኛውን ዙር ዋጠች። ለእኔ ትርፍ ማለት ያ ነበር። ሌላውን ኪሳራ ሁሉ ከዚያ ላይ ቀነስኩት።

ለእሷ ግን እንደዚያ አልነበረም። ከመኝታዋ ሆና የደጁን ድምፅ ትሰማለች። "ማናት?" ትለኛለች። እነግራታለሁ። "ምን አመጣች?" እነግራታለሁ። "ምን ለብሳለች?" ትለኛለች። ምን እንደለበሰች እንዴት አውቃለሁ? ከዚያ ወዲያ ልብሳቸውን እያየሁ መያዝ ጀመርኩ። ማታ ማታ የመለስኩትን ሰው ሁሉ ከነነጠላው ጥለት እየተረክሁ አስተኛታለሁ።

ፀጉሯ በጨረሩ በኩል አስቀድሞ ሄዶ ነበር፤ የቀረው ደግሞ ሳሳ። አንድ ቀን እህቷን "ላጪኝና ልገላገል" አለቻት። እህቷ ላጨቻት። ከዚያ ማንንም ሳታማክር ወደ ጓዳ ገብታ የራሷንም ተላጨችና ያላትን ሻሽ አስራ ወጣች። ያላት ሻሽ ጥቁር ነበር።

"ማን ሞተብሽ?" ብላ ጮኸችባት ሚስቴ።

"እትዬ፣ አንቺ ብቻሽን ከምትሆኚ ብዬ ነው።"

"እኔ ታምሜ ነው የተላጨሁት፤ አንቺ ምን አሞሽ?"

ተላቅሰው ታረቁ። ልጅቱ ጄሪካኗን አንሥታ ቦኖ ወረደች። ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር አስራ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ፣ ሳምንታት ሙሉ ሰው ካልገባበት ቤት ወጥታ ውሃ ልትቀዳ ተሰለፈች። እኔ ያን ቀን ዘመሮ ገበያ ነበርኩ። እዚያው ብሆን ኖሮ እንኳ የማስቆማት አይመስለኝም፤ ልቤ እዚያ አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድር ጥሩምባ ሰማን።

"ማን ይሆን?" አለች ሚስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ። "ወደ እኛ ሰፈር ነው የሚነፋው።"

"እንጃ።"

"ተነሥና ሂድ። ቀድሞም ተቀይመውሃል፤ ለቅሶ ከቀረህማ አለቀልህ።"

እውነቷን ነው። ተነሣሁ፤ ጋቢዬን ለበስኩ፣ ቦቴ ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ለቀብር የምይዘውን ከዘራ አነሣሁ። በሩን ስከፍት ለቀስተኛው ወደ ግቢዬ ሲገባ አገኘሁት። ፊት ፊት የእድራችን ዳኛ፣ ከኋላቸው ድንኳን የተሸከሙ ሰዎች፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ስለማን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ቆየሁ። ከዘራዬንና ጋቢዬን ሲያዩ ደግሞ ሐዘንተኛው ራሱ ለብሶ የጠበቃቸው መሰላቸው።

"አንተ ልጅ፣ በርታ" አሉ የእድሩ ዳኛ፤ ሽማግሌ ናቸው። "ሐዘን ታፍኖ አይቀመጥም። መናገር አቅቶህ ነው እንጂ እኛስ አውቀናል።"

"አባቴ፣ አልሞተችም።"

"እሺ ልጄ፣ አልሞተችም" አሉኝ። ለሕፃን እንደሚሉት ነበር ያሉኝ። ሁለት ጎረምሶች ክንድና ክንዴን ያዙኝ።

"ስሙኝ እንጂ! ውስጥ ናት!"

"አይዞህ ወንድሜ፣ ለሁላችንም እንዲሁ ነው የሚመስለን" አለኝ አንደኛው፤ ባለፈው ዓመት ሚስቱን የቀበረ ነው። አልሞተችም ባልኩ ቁጥር ልቅሶው ይብሳል። በጉልበቴ ልላቀቅ ስታገል ደግሞ "ደረቱን እንዳይመታ ያዙት" ይባባላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሳምን ኖሬ፣ እውነት የተናገርኩ ቀን የሚያምነኝ ጠፋ።

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን መሐል ገብታ ሙሾዋን አወረደችው፦

"ከጎኔ ተነሥተሽ ገበያው ጭር አለ፣
እንዳንቺ ፈትሉን ያሳመረ የታለ።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። እህቷ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ሕዝቡን ስታይ እሷም ደንግጣ ጮኸች፤ ያ ነገሩን ጨረሰው። እንደ ምንም ክንዴን አስለቅቄ ወደ ቤት ስገባ ሚስቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አቅንታለች።

"አንቺን ነው የሚያለቅሱት" አልኳት።

"ገብቶኛል። ዝም በል፣ ልስማበት።"

"አትውጪ። እኔ እመልሳቸዋለሁ።"

"ይቺ ሴትዮ" አለች፣ "ይሄንኑ ፈትል አምና የጆንያ ገመድ ነው ብላ ደንበኛዬን ወስዳብኛለች። እንዲህ እንደሆነ ባውቅ ቀደም ብዬ እሞትላት ነበር።" እያለችም እንባዋ ይወርዳል። ባናዋን ተከናነበችና ተነሣች። በሩ ላይ ቆምኩ። ደጁን ስጠብቅ የከረምኩት እኔ፣ አሁን ከውስጥ የሚወጣውን ልጠብቅ ሆነ።

"ደምሽ አሁን ነው የሚወርደው" አልኳት። "ከዙሩ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሐኪሟ ያለችው ይሄንን ነው።"

"ዞር በል።"

"ሦስተኛውን ዙር ይከለክሉሻል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ አልቅሰው ሲሄዱ ከዚህ ውስጥ ሆኜ ልስማቸው? ዞር በል!"

ዞር አልኩላት።

የተላጨ ራስ፣ ድፍን ያለ ቀይ ፊት፣ ጥቁር ባና። አንዲት አሮጊት አማተበችና ወደ ኋላዋ ሸሸች። ከዚያ ጎረቤታችን "ኧረ እሷ ናት!" ብላ ጮኸች። ልቅሶው ወደ እልልታ ተገለበጠ። ተንጋግተው መጡ። እጄን ዘርግቼ "አትንኳት!" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ጉንጯን ሳሟት፣ አንገቷን አቀፏት፣ እርጥብ ነጠላቸውን ፊቷ ላይ አሻሹት። አፍንጫቸውን በጠረጉበት እጅ እጇን ያዙት። እሷም ሁሉንም አቀፈች። የሚያስሉትን ጭምር። ጎረቤታችንን አቅፋ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ድንኳኑ ተተከለ። ለልቅሶ የመጣው ንፍሮና ጠላ ለደስታ ተበላ፣ ተጠጣ። ያን ቀን ያየሁት የሚስቴ ፊት ከታመመች ወዲያ አይቼው የማላውቀው ፊት ነው። እኔ ዱካዬን ይዤ ዳር ተቀመጥኩ። የእድሩ ዳኛ መጥተው "ይህን ደስታ ልትከለክለን ነበር?" አሉኝ። መልሱ ከቀናት በኋላ በራሱ መጣ።

በትኩሳት መጣ። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ስሜን ትጠራለች ብዬ ስጠጋ የማይገባ ነገር ነው የምትለው። መኪና ተኮናትሬ ደብረ ብርሃን አደረስኳት። ደሟን ሲያዩት ነጩ ሕዋስ አልቋል ማለት ይቻላል። ለብቻዋ ክፍል አስገቧት፣ በደም ሥሯ መድኃኒት አንጠለጠሉ። የአዲስ አበባዋን ሐኪም በስልክ አገኘኋት።

"ሰው በዝቶባቸው ነበር?" አለችኝ።

"ተለቅሶላት ነበር።"

"ሦስተኛው ዙር ይቆማል" አለች። "ደማቸው እስኪመለስ።"

ትኩሳቱ ለቀቃት። ደሟ ግን ቶሎ አልተመለሰም፤ አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ይወርዳል፣ ዙሩም ይገፋል። ራስ ምታቷ ተመለሰ። የግራ እጇ ጣቶች ፈትል ሲይዙ ይለቁት ጀመር፤ እንዳያደነዝዝ ብለን የሸሸነው መድኃኒት ሳይነካን በሽታው ራሱ አደነዘዛቸው። አዲስ አበባ ሄደን ስትታይ "በጥቂቱ ሰፍቷል" ተባለ። "መጠኑን ቀንሰን ያንኑ እንክብል እንቀጥል። አሁንም ካልያዘው ወደ ሦስቱ እንሄዳለን። ግን በቅድሚያ ደማቸው" አለች ሐኪሟ። ስለ ሚስቴ ብቸኝነትም ነገርኳት። ያን ጊዜ ፈቀደች፤ አንድ ሁለት ሰው፣ ከውጭ፣ አፉን ሸፍኖ፣ ራቅ ብሎ።

ደስ አለን። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ግቢው ይከፈታል። እህቷ አልጋዋን አስጠጋችላት፤ እኔ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አኖርኩ። ዝናብ ቢመጣ ብዬ ሸራ ወጠርኩበት። ገበያ ወጥቼ ላገኘሁት ሁሉ "ተፈቅዷል፣ ኑ" አልኩ። የመለስኳቸውን ቤት ለቤት ሄጄ ሳይቀር ጠራሁ።

"እሺ፣ እንመጣለን" አሉ።

አልመጡም። ጎረቤታችን አንድ ቀን መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሚስቴ በመስኮቱ ተጨዋወተቻት፤ ሴትዮዋ ግን ወዴት እንደምታይ ጠፋት።

"ገበያው እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ከጎንሽ ማን ተቀመጠ?"

"አንዲት ከገጠር የመጣች።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ገበያ የማወጣው ዕቃ ነበረኝ፣ ልሂድ።"

ከዚያ ወዲያ አልታየችም። የእድሩ ዳኛ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ሳይሞት የተለቀሰለት ሰው ቤት መሄድ ደግ አይደለም የሚልም እንዳለ ሰማሁ። እኔ ግን ሌላ ነው የሚመስለኝ። ሰው ለአንድ ሰው የሚያወጣው እንባ ልክ አለው፤ እነሱ የእሷን አውጥተው ጨርሰዋል። ድንኳኑን ነቅለው የሄዱ ቀን ነው ቀብረዋት የተመለሱት። አሁን በመስኮት የምትታየው ሴትዮ ሒሳቡን የምታበላሽባቸው ናት። ሲከለከሉ በሩን ሊሰብሩ የደረሱት፣ ሲፈቀድላቸው መንገዱ ጠፋቸው።

"ምን አድርጌያቸው ነው?" አለችኝ አንድ ቀን፣ ባዶውን አግዳሚ እያየች።

"ክረምት ነው፤ ጭቃው ነው" አልኳት። ለሰው ዋጋ ስነግር እንኳ እንዲህ ያለ ቀሽም ውሸት አልዋሽም።

ደሟን ስናሳይ በመጨረሻ ከፍ ብሎ ተገኘ። ለማረጋገጥ አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ፊቷ በራ።

"በጣም ጥሩ ነው! ዙሩን መጀመር እንችላለን። ምን አድርጋችሁ ነው?"

"ሰው ቀረልን" አልኳት።

"ጎበዝ! በዚሁ ቀጥሉ።"

ሚስቴ ወለሉን ታይ ነበር። "ዶክተር" አለች ቀና ሳትል፣ "በዚሁ ከቀጠልኩ ከማን ጋር ነው የምኖረው?"

ሐኪሟ ወደ እኔ አየች። "ከእኔ ጋር" አልኩ።

"አንተማ የግድህን ነው" አለችኝ።

እንክብሎቹን ተቀብለን ወጣን። ዙሩን ጀምራለች። ደሟ ጥሩ ነው።